ከመደብ ወደ ፕላስቲክ ወንበር

የሰው ልጅ የሚገለገልባቸው ዕቃዎች ከሚሰጡት አገልግሎት ባሻገር የሚናገሩት ነገር አላቸው። ማረሻው ስለ አራሹ፣ ወፍጮና መጁ ስለ ፈጪዋ፣ ድንኳኑ ስለ ማኅበሩ ይመሰክራሉ። መቀመጫም እንደዚሁ ነው። ሰው በምን ላይ እንደሚቀመጥ፣ ከማን ከፍ ከማንስ ዝቅ ብሎ እንደሚቀመጥ፣ ማን ተቀምጦ ማን እንደሚቆም ልብ ብሎ መመልከት የአንድን ኅብረተሰብ ውስጣዊ አደረጃጀት ለመረዳት ከሚያስችሉ አጫጭር መንገዶች አንዱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቋንቋችን ራሱ ይህን ሐቅ ጠንቅቆ ያውቃል። «መደብ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይገልጻል። አንደኛው ከቤቱ ግድግዳ ጋር ተያይዞ ከጭቃና ከድንጋይ የሚሠራው መቀመጫና መኝታ ነው። ሁለተኛው ሰዎች በሀብታቸውና በሥራቸው የሚለዩበት ማኅበራዊ ክፍል ነው። ሁለቱ ፍቺዎች በአንድ ቃል ውስጥ መገናኘታቸው ያለ ምክንያት አይመስልም። አንድ ሰው በየትኛው መደብ ላይ እንደሚቀመጥ የሚወስነው ብዙውን ጊዜ የየትኛው መደብ አባል እንደሆነ ነበርና።

ዛሬ በየመንደሩ፣ በየሐዘን ቤቱና በየቡና መሸጫው የሚታየው ርካሽ የፕላስቲክ ወንበር ይህን የቆየ ግንኙነት ምን ያህል ለወጠው? ምንስ ሳይለውጥ ተወው? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው።

የማክሰኞ ገበያ መቀመጫዎች

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የምትገኘው ማክሰኝት የጎንደር ዙሪያ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ስሟ በማክሰኞ ከሚውለው ገበያ ጋር የተያያዘ ነው። በዚያው ጎዳና ወደ ባሕር ዳር ሲጠጉ የምትገኘው ሐሙሲትም በስሟ የሐሙስን ዕለት ታስታውሳለች። የከተሞቹ ስም ሕዝቡ የሚሰበሰብበትን ቀን ያመለክታል፤ ሕዝብ በተሰበሰበበት ሁሉ ደግሞ የመቀመጫ ነገር መነሣቱ አይቀርም።

በገበያው ቀን ከየአቅጣጫው ሽምብራ፣ ጤፍ፣ ማሽላና ነጭ ሽንኩርት ጭኖ የሚመጣው ገበሬ ሸቀጡን መሬት ላይ ዘርግቶ ከአጠገቡ ቁጢጥ ይላል፤ ወይም የእህሉን ጆንያ አጥፎ ይቀመጥበታል። ከመንገዱ ዳር ጀበና ጥዳ ቡና የምትሸጠው ሴት ለደንበኞቿ አነስተኛ የፕላስቲክ በርጩማዎች ትደረድራለች። ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ መደገፊያ ያላቸው ነጭ፣ ሰማያዊና ቀይ ወንበሮች ይታያሉ። የቢራና የለስላሳ መጠጥ ስም በጀርባቸው የታተመባቸውም አሉ። ፀጉር አስተካካዩ፣ ልብስ ሰፊው፣ የሞባይል ካርድ ሻጩ፣ የባጃጅ ተራ አስከባሪው፣ ሁሉም ከአንድ ዓይነት ቅርጽ የወጣ መቀመጫ አላቸው። ወደ ከተማዪቱ ከሚገቡ አይሱዙዎች ጭነት መካከልም እርስ በርሳቸው ተደራርበው በገመድ የታሰሩ ወንበሮችን ማየት የተለመደ ሆኗል።

ይህን ያህል የበዛ ዕቃ ከመብዛቱ የተነሣ ዓይን አያርፍበትም። ነገር ግን ማንም ልብ የማይለው ዕቃ የኅብረተሰቡን ልማድ ቀስ በቀስ ሊለውጥ ይችላል። የለውጡን መጠን ለመገንዘብ ወደ ኋላ መለስ ብሎ የቀድሞውን አቀማመጥ ማየት ያስፈልጋል።

አልጋ፣ መንበርና ወንበር

በአገራችን ታሪክ ሥልጣንና መቀመጫ ተለያይተው አያውቁም። መንግሥት «አልጋ» ይባል ነበር፤ ዙፋኑን የሚወርሰውም «አልጋ ወራሽ»። በግእዝ «ነበረ» ማለት ተቀመጠ ማለት ሲሆን «መንበር» ከዚያ ይወጣል። «ወንበር»ም የዚያው ሥር ልጅ ነው። የማንኛውም ማኅበር ሰብሳቢ እስከ ዛሬ ድረስ «ሊቀ መንበር» የሚባለው፣ ትርጉሙ የመቀመጫ አለቃ ማለት ስለሆነ ነው። በቀድሞው የዳኝነት ሥርዓት ከአፈ ንጉሡ ጋር ተሰይመው የሚፈርዱት ዳኞች ራሳቸው «ወንበሮች» ተብለው ይጠሩ ነበር። ሰው በተቀመጠበት ዕቃ ስም ሲጠራ፣ ዕቃው ከሰውዬው በላይ ክብር ነበረው ማለት ነው።

በተለይ በጎንደር ወንበር ሌላም ትርጉም አለው። የላይ ቤትና የታች ቤት የመጻሕፍት ትርጓሜ ትምህርት በተስፋፋባት በዚህች የሊቃውንት ከተማ አንድ መምህር ትምህርት መስጠት ሲጀምር «ወንበር ዘረጋ» ይባላል። መምህሩ ሲያልፍ ወንበሩን ተተኪው ይይዛል። እዚህ ላይ ወንበር የሚባለው የዕውቀት ኃላፊነት ነው። ተማሪው ግን በምንጣፍ ወይም በድንጋይ ላይ፣ ብዙ ጊዜም በባዶ መሬት ላይ ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር።

በተራው ሕዝብ ቤት ውስጥ የነበሩት መቀመጫዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። መደቡ አለ። በመደቡ ላይ የሚነጠፍ ቁርበት ወይም አጎዛ አለ። ለእሳት ዳር የሚሆን በርጩማ አለ። ቤቱ ደኅና የሚባል ከሆነ በጠፍር የተጠለፈ አልጋና ወንበር ይኖራል። እንግዳ ሲገባ «ኖር!» ተብሎ ይነሡለታል፤ እርሱም «በእግዜር! አይነሡብኝ» ይላል። ቀጥሎ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚወሰነው በዕድሜ፣ በማዕረግና በሀብት ነው። አጎዛው ለቄሱና ለሽማግሌው፣ የመደቡ ጫፍ ለወጣቱ፣ በሩ ሥር ለጭሰኛው ይሆናል። ሴቶች ከምድጃው ዙሪያ አይርቁም። ሕፃናት ደግሞ ቆመው ያሳልፋሉ። ይህ ሥርዓት በጨዋነትና በመከባበር ስም የሚፈጸም ስለሆነ ማንም ቅር ሲለው አይታይም ነበር። ይሁን እንጂ መከባበሩ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ሳይሆን ከታች ወደ ላይ ብቻ የሚወጣ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ልብ የሚነካው መቀመጫውን የሚሠራው ሰው ዕጣ ነው። ቆዳውን የሚያለፋው ፋቂ፣ ብረቱን የሚቀጠቅጠው ባለእጅ በጎንደርም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል በሥራው ሲናቅ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ ሳይቀሩ ባለእጅ እንዳይሰደብ ዐዋጅ እስከ ማስነገር መድረሳቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል። በእርሱ እጅ በለፋ ጠፍር ላይ መኳንንቱ ይቀመጣሉ። እርሱ ግን ከእነርሱ ጋር በአንድ መደብ ላይ፣ በሁለቱም የቃሉ ትርጉም፣ መቀመጥ አይችልም ነበር።

አግዳሚው

በከተሞች መስፋፋት ዕድር ሲስፋፋ መቀመጫ ለመጀመሪያ ጊዜ የማኅበር ንብረት ሆነ። ዕድር ድንኳን፣ ብረት ድስትና አግዳሚ ወንበር ይገዛል፤ አባል ሲያዝን ያውሳል። ለአንድ ቤተሰብ ከአቅም በላይ የሆነው ነገር ለመቶ ቤተሰብ ቀላል ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ።

አግዳሚው ከበርጩማውና ከጠፍር ወንበሩ የሚለይበት አንድ ቁም ነገር አለ። በአንድ ጣውላ ላይ የተቀመጡ አምስት ሰዎች ቁመታቸው እንጂ መቀመጫቸው አይለያይም። ሀብታሙም ድሃውም ጣውላው ሲወዛወዝ አብረው ይወዛወዛሉ። ነገር ግን አግዳሚ ከባድ ነው። አንዱን ለማንሣት ሁለት ጠንካራ ሰዎች ይፈልጋል። በክረምት ይበሰብሳል፤ ምስጥም ይበላዋል። መደገፊያ ስለሌለውም ወገባቸው ለደከመ አዛውንት ቅጣት እንጂ ማረፊያ አይደለም።

በ1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን ካቋቋመ በኋላ አግዳሚው ወደ ቀበሌ አዳራሾችም ገባ። በየአዳራሹ የቤት ሠራተኛዋና የቤት ባለቤቷ በአንድ አግዳሚ የተቀመጡበት ጊዜ ነበር። ይህ በራሱ ቀላል ነገር አልነበረም። ሆኖም አብሮ መቀመጥ አብሮ ከመናገር ጋር አንድ አለመሆኑን ያ ዘመን በመራራ ሁኔታ አስተምሯል። ከአግዳሚው ፊት ለፊት ሁልጊዜ ጠረጴዛ ነበር፤ ከጠረጴዛው ጀርባ ደግሞ መደገፊያ ያለው ወንበር። ከጣውላው ላይ የሚነሣው ድምፅ ከጠረጴዛው ወዲያ ያለውን ጆሮ ካልደረሰ፣ እኩል መቀመጥ ብቻውን እኩልነት አይሆንም።

በአንድ ደቂቃ የሚወለድ ወንበር

አግዳሚውን ከሐዘን ቤት ያስወጣው የፕላስቲክ ወንበር በአገራችን የተፈለሰፈ አይደለም። ጥሬ ዕቃው ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ የሚገኘው ፖሊፕሮፒሊን ነው። ጣሊያናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ጁሊዮ ናታ እ.ኤ.አ. በ1954 ይህን ቁስ ለኢንዱስትሪ በሚያመች መልክ ማግኘት ቻለ። እ.ኤ.አ. በ1963ም ከጀርመናዊው ካርል ሲግለር ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ። ከዚያ በኋላ በ1960ዎቹ ውስጥ የአውሮፓ ነዳፊዎች ያለ ምስማርና ያለ ማጣበቂያ ከአንድ ወጥ ቁስ የሚሠራ ወንበር ለማግኘት እርስ በርሳቸው ይሽቀዳደሙ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1972 ፈረንሳዊው መሐንዲስ ኦንሪ ማሶኔ «ፎቴ 300» የተባለውን ወንበር ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ መሥራት ቻለ። በ1980ዎቹ ሌሎች ፋብሪካዎች መንገዱን ተከትለው ዋጋውን ወደ ታች አወረዱት።

የአሠራሩ ምሥጢር ይህ ነው። እንደ ምስር ፍሬ ያለው ጥሬ ፕላስቲክ እስከ 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ይቀልጣል። በከፍተኛ ግፊት ወደ ብረት ቅርጽ ማውጫው ይገባል። ይቀዘቅዛል። ከዚያም እግሩ፣ መቀመጫው፣ ክንዱና መደገፊያው አንድ አካል ሆኖ ይወጣል። ውድ የሆነው ወንበሩ ሳይሆን የብረቱ ቅርጽ ማውጫ ነው። ይሁን እንጂ ያ ብረት በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ወንበሮችን ስለሚያወጣ ወጪው ለእያንዳንዱ ሲከፋፈል እጅግ አነስተኛ ይሆናል። የወንበሩ ርካሽነት ምንጭ የብዙኃን ምርት ነው እንጂ ተአምር አይደለም።

ይህ ወንበር በሄደበት ሁሉ የተለያየ አቀባበል ገጥሞታል። የስዊዘርላንድ ከተማ ባዝል እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2017 የከተማዋን ውበት ያበላሻል በማለት ከአደባባይ አግዳው ነበር። በሌላ በኩል አሜሪካዊው መሐንዲስ ዶን ሼንዶርፈር በሞሮኮ አንዲት ሴት መንገድ ላይ በእጇ እየዳኸች ስትሄድ ተመልክቶ ነበር። ዓመታት አልፈው ይህንኑ ርካሽ ወንበር ከብስክሌት ዓይነት ጎማ ጋር አገናኝቶ የአካል ጉዳተኞች ተሽከርካሪ ወንበር ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2001 ባቋቋመው ድርጅት አማካይነት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች የተሽከርካሪ ወንበር ባለቤት ሆነዋል። በአንድ በኩል የጠገበ ከተማ ዓይኑን ያሳፈረው ዕቃ፣ በሌላ በኩል ከመሬት ያልተነሣን ሰው አነሣ። የአንድ ዕቃ ዋጋ የሚለካው በመልኩ ሳይሆን በሚገለገልበት ሰው ሁኔታ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ሐዘን ቤት የታየው ለውጥ

ወደ ማክሰኝት እንመለስ። አንድ የፕላስቲክ ወንበር ከ2 እስከ 3 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። አንድ ጎረምሳ አራት አምስቱን ደራርቦ ተሸክሞ ከዕድሩ ዕቃ ቤት እስከ ሐዘን ቤቱ ያደርሳል። ዝናብ ቢመታው በጨርቅ ይወለወላል። ምስጥ አይበላውም። መቶ ወንበር ተደራርቦ በአንድ ጠባብ ክፍል ጥግ ይቀመጣል። በየወንበሩ ጀርባ ላይ በቀለም የተጻፈው የዕድሩ ስምና ቁጥር ደግሞ ንብረቱ የማን እንደሆነ ይናገራል።

የዚህ ሁሉ ውጤት ምን ሆነ? የድሃው ሐዘንና የሀብታሙ ሐዘን በአንድ ዓይነት ወንበር የሚታዘንበት ሁኔታ ተፈጠረ። ቀድሞ ቤቱ ጠባብ፣ መቀመጫው ጥቂት የሆነ ሰው ሲያዝን ለቅሶ ደራሹ ቆሞ አጽናንቶ ቶሎ ይመለስ ነበር። ሐዘንተኛው ከሐዘኑ በላይ በድህነቱ ያፍር ነበር። ዛሬ የቀን ሠራተኛዋም ብትሆን የዕድር መዋጮዋን እስከ ከፈለች ድረስ ድንኳኗ ይተከላል፤ ወንበሯም ይደረደራል። ለቅሶ ደራሹ ተቀምጦ ያመሻል። ተቀምጦ የሚያመሽ ሰው ደግሞ ያወራል፣ ያስታውሳል፣ ያጽናናል። ጉልበታቸው የደከመ እናት ከመሬት ለመነሣት የሰው እጅ መጠበቅ ቀርቶላቸው ክንዱን ተደግፈው ይነሣሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያሻል። ሐዘንተኛው ራሱ እንደ ጥንቱ ልማድ ዝቅ ብሎ በፍራሽ ወይም በምንጣፍ ላይ ይቀመጣል። ወንበሩ የአጽናኙ ነው። ዝቅ ማለቱ የሐዘን ምልክት እንጂ የበታችነት ምልክት አይደለም። አዲሱ ዕቃ የቆየውን ትርጉም ሁሉ ጠራርጎ አላጠፋም ማለት ነው። ሕዝቡ የሚጠቅመውን ወስዶ ሊጠብቀው የሚገባውን ጠብቋል።

በአመጋገባችን ላይ የታየው ለውጥ ግን ከዚህ የተለየ ነው። መሶብ የሚቀርበው ዝቅ ላለ መቀመጫ ነው። በበርጩማና በመደብ ላይ የተቀመጡ ሰዎች መሶቡን ከብበው ከአንድ ገበታ ይቆርሳሉ። የፕላስቲክ ወንበር ግን ከመሶቡ ከፍ ይላል። ስለዚህ በሠርግ ዳስ ውስጥ ተጋባዡ ሳህኑን ይዞ ተሰልፎ ያነሣና በጭኑ ላይ አስቀምጦ ለብቻው ይመገባል። የዚህ ልማድ መስፋፋት ምክንያቱ ወንበሩ ብቻ አይደለም፤ የሕዝቡ መብዛት፣ የከተማ ኑሮና የጤና ጥንቃቄም ድርሻ አላቸው። ይሁን እንጂ አንድ መቀመጫ በሁለት ስንዝር ከፍ ሲል፣ የመጎራረስ ባህል በዚያው ልክ እየራቀ መሄዱን አለማስተዋል አይቻልም።

ተመልሶ የሚመጣው ደረጃ

ከላይ የተገለጸው መልካም ገጽታ እንዳለ ሆኖ፣ ዕቃ ብቻውን ማኅበራዊ ግንኙነትን ይለውጣል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። ወንበሩ ለሁሉም ሲዳረስ የደረጃ ልዩነት ሌላ መውጫ ይፈልጋል፤ ያገኛልም።

የሠርጉን ዳስ እንመልከት። ከፊት ያሉት ወንበሮች ነጭ ልብስ ይለብሳሉ፤ በጀርባቸውም የሐር ጥብጣብ ይታሰራል። ከኋላ ያሉት እርቃናቸውን ይቀራሉ። ከልብሱ ሥር ያለው ወንበር ግን ያው ነው። በስብሰባ አዳራሹም ለተሰብሳቢው የፕላስቲክ ወንበር ሲደረደር፣ ለመድረኩ በቆዳ የተለበጠ ወንበር ከሌላ ቢሮ ድረስ ተሸክመው ያመጣሉ። መደገፊያ ያለው ለእንግዳ፣ በርጩማው ለቤተኛ፣ የተሰነጠቀው ለልጅ ይሰጣል።

መንገድ ዳር ያለው ሊስትሮ ለደንበኛው የፕላስቲክ ወንበር ያቀርባል፤ እርሱ ግን በቀለም ሣጥኑ አጠገብ በድንጋይ ወይም በጣሳ ላይ ተቀምጦ ያጎነብሳል። ወንበሩን የገዛው እርሱ ነው፤ የሚቀመጥበት ግን ሌላው። ቡና የምትሸጠዋ ሴትም ከደንበኞቿ መቀመጫ ሁሉ ዝቅተኛውን ለራሷ ትይዛለች፤ እሳቱ ከታች ነውና። ለሥራ ሲባል ዝቅ ማለት በራሱ ነውር የለበትም። ነውሩ ያለው ዝቅ ብሎ የሚሠራውን ሰው ዝቅ አድርጎ በማየት ላይ ነው።

ከሁሉም በላይ ሊነሣ የሚገባው የዕድር ጓዳ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ወንዶች በተደረደሩ ወንበሮች ላይ ተቀምጠው ሲጫወቱ፣ ከድንኳኑ ጀርባ ሴቶች በድንጋይ ላይ ወይም በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው ሽንኩርት ይከትፋሉ፣ ወጥ ያማስላሉ፤ ብዙዎቹም ከጧት እስከ ማታ በእግራቸው ይቆማሉ። ወንበሩ የተገዛው እነርሱም በከፈሉት መዋጮ ነው። የወንበሮቹ ቁጥር ከሕዝቡ ቁጥር በታች አይደለም። ጉድለቱ የወንበር እጥረት ሳይሆን የሐሳብ እጥረት ነው። «እነርሱ ምን ያስቀምጣቸዋል፣ ሥራ ላይ ናቸው» የሚለው አነጋገር የሚነግረን የሴቶቹን ጠባይ አይደለም፤ ከመደቡ ዘመን አብሮን የመጣውን አስተሳሰብ ነው።

የዋንዛው ዋጋና የአናጢው እጅ

ጥያቄው የባህል ብቻ አይደለም፤ ኢኮኖሚያዊ መሠረትም አለው። በአካባቢያችን ለወንበር፣ ለአልጋና ለቁም ሣጥን የሚመረጠው እንጨት ዋንዛ ነው። የዋንዛ ዛፍ በመመናመኑ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን ዐዋጅ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር ዋንዛን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከልክሏል። በዚህ ረገድ እያንዳንዱ የፕላስቲክ ወንበር ከዋንዛው ላይ ጥቂት ሸክም አንሥቷል ማለት ይቻላል።

በአንጻሩ የአናጢው እጅ ሥራ አጥቷል። ቀድሞ ከከተማው አናጢ ዘንድ አግዳሚ ያሠራ የነበረው ዕድር ዛሬ ገንዘቡን ለነጋዴ ይከፍላል። የነጋዴው ገንዘብ ወደ ፋብሪካው፣ የፋብሪካው ገንዘብ ደግሞ ጥሬ ዕቃውን ወደ ሸጠው አገር ይሄዳል። አገራችን ፖሊፕሮፒሊን የሚያመርት ኢንዱስትሪ የላትም። ወንበሩ በአገር ውስጥ ተቀርጾ ቢወጣ እንኳ ፍሬው፣ መሣሪያውና የብረት ቅርጽ ማውጫው በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ ናቸው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ እንዲህ ያለው ዕቃ ዋጋው ከምንዛሪው ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ሆኗል። ስለሆነም «ርካሽ» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ መጠቀም ይገባል። ለገዢው ርካሽ የሆነ ነገር ለአገር ውድ ሊሆን ይችላል።

ሌላው የዕድሜው ጉዳይ ነው። ማክሰኝት ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የምትገኝ እንደ መሆኗ ፀሐይዋ ብርቱ ናት። የፀሐይ ጨረር ፖሊፕሮፒሊንን ያደርቃል፤ ተሰባሪም ያደርገዋል። ይህን የሚከላከል ንጥረ ነገር ያልተጨመረበት፣ ወይም ወጪ ለመቀነስ የኖራ ዱቄት ከልክ በላይ የተቀላቀለበት ወንበር ገና ቀለሙ ሳይለቅ የኋላ እግሩ ይከፈታል። ተሰብሮ ሰው የሚጥለውም እንዲህ ያለው ነው። አንዳንዱ ስንጥቁን በጋለ ብረት ወግቶ በሽቦ ሰፍቶ ይጠቀምበታል፤ ይህ የሚመሰገን ብልኀት ነው። የተረፈውን ቆራሌው ይገዛዋል፤ ፖሊፕሮፒሊን እንደገና ቀልጦ ለሌላ ዕቃ ሊሆን የሚችል ቁስ ነውና። የማይመሰገነው ስብርባሪውን በየወንዙ መጣል ወይም በየግቢው ማቃጠል ነው። ጭሱ መርዛማ ነው፤ ቀድሞ የሚጎዳውም በአጠገቡ የሚጫወተውን ሕፃን ነው። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ ዐዋጅ ያነጣጠረው በፌስታል ላይ ነው። የወንበሩ ስብርባሪ ጉዳይ ግን በእያንዳንዱ ማኅበር ኅሊና ላይ የተጣለ ነው።

ዕድሮች ሊወያዩበት የሚገባ

እንግዲህ ምን ይደረግ? የፕላስቲክ ወንበርን ማውገዝ የባዝልን ከተማ ስሕተት መድገም ነው። ያለ ማመዛዘን መቀበልም እንዲሁ ከንቱ ነው። የዕድርና የሠፈር ማኅበር አባላት በሚቀጥለው ስብሰባቸው ሊነጋገሩባቸው የሚገቡ ጥቂት ነጥቦች አሉ።

በመጀመሪያ ደረጃ ግዢው በዋጋ ብቻ አይወሰን። ወንበሩን አንሥቶ ክብደቱን መመዘን፣ የእግሩን ውፍረትና የውስጥ ማጠናከሪያውን መመልከት፣ በእጅ ጫን ብሎ እግሩ የሚከፈት መሆን አለመሆኑን መፈተን፣ ወፈር ያለ ሰው አስቀምጦ ማየት ተገቢ ነው። በጥቂት ብር የሚበልጠው ጠንካራ ወንበር ሁለት ደካማ ወንበሮችን ይተካል። ከተገዛ በኋላም ፀሐይና ዝናብ በማያገኘው ቦታ ይቀመጥ፤ ቁጥር ይሰጠው፤ ሲወጣና ሲገባ ይመዝገብ።

በሁለተኛ ደረጃ ኪራይ ሐዘንን እንዳይቀድም ያስፈልጋል። ዕድሮች ወንበራቸውን ለሠርግ አከራይተው ገቢ ማግኘታቸው መልካም ነው። ነገር ግን ወንበሩ በኪራይ ወጥቶ ሳለ አባል ቢያዝንና ለቅሶ ደራሹ ቢቆም፣ ዕድሩ የተቋቋመበት ዓላማ ተሽጧል ማለት ነው። ከጠቅላላው የተወሰነው እጅ ምንጊዜም እንዳይከራይ በመተዳደሪያ ደንብ ቢጻፍ ክርክር ይቀራል።

በሦስተኛ ደረጃ የአካባቢው አናጢ አይረሳ። ሁሉም ወንበር ፕላስቲክ ይሁን ያለ የለም። በቶሎ ከሚበቅለው ባሕር ዛፍ ለአዳራሽና ለዕድር ቤት የሚሆን አግዳሚ ማሠራት፣ የተሰበረውን ማስጠገን፣ የእንጨት እግር ማስገጠም ይቻላል። ለነጋዴ ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ በከተማው ውስጥ ላለ እጅ ቢደርስ፣ ያ ገንዘብ ተመልሶ ለዕድሩ መዋጮ ይሆናል።

በአራተኛ ደረጃ፣ ዋነኛውም ይህ ነው፣ ጓዳ ላሉት ሴቶች ወንበር ይመደብ። ድንኳኑ ሲተከል መጀመሪያ የሚወጡት ወንበሮች ወደ ማብሰያው ይሂዱ። ሥራው በተራ ይደረግ፤ ወንዶችም ተራ ይያዙ። ለዚህ ምንም ዓይነት በጀት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ከተቀመጡበት መነሣት ብቻ ነው። «ተቀምጠው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል» ይባላል። ልማዱን የሰቀልነው ተቀምጠን ስለሆነ ለማውረድ መቸገራችን አይቀርም፤ ነገር ግን ካልቆሙ አይወርድም።

የፕላስቲክ ወንበር ባለማዕረግና ተራ ሰው አይለይም። በቄሱም፣ በሊስትሮውም፣ በወረዳው ሹምም ሥር ያው ነው። ለሰው ልጅ ሁሉ በአንድ ቅርጽ የተሠራ ዕቃ እጃችን ገብቷል። በምን ዓይነት ልብ እንደምንደረድረው የሚወስነው ግን ቅርጽ ማውጫው አይደለም፤ እኛ ነን። መቶ ወንበር ያለው ዕድር ሀብታም ዕድር ነው። ከመቶው ወንበሮች አንዱን ቀኑን ሙሉ ቆማ ለዋለችው እናት አቅርቦ «ኖር!» የሚል ዕድር ግን ከሀብታምነትም አልፎ የሠለጠነ ዕድር ነው።